ልጅዎ ምን እንደምታነብ ጠይቀው ያውቃሉ?

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አመጋገብ፣ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ባልና ሚስት አለመግባባት ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከማጀት ራቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ስለ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነውና። ነገሩ የጀመረው ግን በአንዲት እናትና በልጇ መካከል፣ ያውም ፍራሽ ሥር በተደበቀ መጽሐፍ ምክንያት ስለሆነ ከቤተሰብ ጉዳይ አልወጣሁም።

ለሥራ ወደ ጅጅጋ ሄጄ ነበር። ከሐረር ተነሥቶ የካራማራን ተራራ ያለፈ መንገደኛ ሜዳው ድንገት ይዘረጋለትና ከተማዋን ከነነፋሷ ያገኛታል። ካረፍሁበት ቤት ጎን የግመል ወተት እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ይኖራሉ። ስሜ በጋዜጣ አይውጣ ስላሉኝ በአገሩ ደንብ «ኤዶ» እያልሁ እቀጥላለሁ፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደ ማለት ሲሆን ታላቅ ሴት የምትከበርበት አጠራር ነው። ባለቤታቸው በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌ መካከል ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የአንደኛ ደረጃ ትምህርቷን በሶማሊኛ የተማረች ሲሆን አማርኛን ያወቀችው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በክፍል ውስጥ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ነው።

አንድ ማታ ኤዶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ሲፈቱት ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ገጾቹ በብዙ ሰው እጅ የወየቡ መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም» አሉኝ። «አንቺ የጋዜጣ ሰው ነሽ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ታነበዋለች፤ ሌሊቱን ነቅታ ታድርና ጧት አልነሣም ትላለች። ይህ ነገር ይበጃታል ወይስ ያጠፋታል? አንብቢና ንገሪኝ።»

መጽሐፉ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነበር። ስሙን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው የኤዶ ፊት ተለወጠ።

«ዴግዴር?» አሉ። «የዴግዴርን ነገር ነው የምታነበው?»

ለማታውቋት አንባቢያን ዴግዴር ማን እንደ ሆነች ልንገራችሁ። በሶማሊኛ «ዴግ» ጆሮ ነው፣ «ዴር» ደግሞ ረጅም ማለት ነው። ዴግዴር ሰው የምትበላ የተረት ሴት ናት። በዚያ ረጅም ጆሮዋ የመንገደኛን ኮቴ ከሩቅ ትሰማለች፤ ሮጦ የሚያመልጣት የለም። ጅጅጋም ሆነ ሐርጌሳ፣ ጅቡቲም ሆነ ሞቃዲሾ ያደገ የሶማሌ ልጅ ስሟን ሳይሰማ አያድግም። ተረቱ የሚነገረው ከብቱ ከገባ፣ ወተቱ ከታለበ በኋላ ነው። ተራኪዋ «ሼኮ፣ ሼኮ» ብላ ስትጀምር ልጆቹ «ሼኮ ሐሪር» ብለው ይቀበላሉ፤ ሐሪር ሐር ነው፣ የሐር ተረት እንደ ማለት። የእኛው «ተረት ተረት» እና «የመሠረት» ማለት ነው። ልጆች ከሰፈር ርቀው እንዳይሄዱ፣ የማያውቁት ሰው ቤት እንዳይገቡ ሲፈለግ ዴግዴር ትጠራለች።

እንግዲህ ኤዶ በመጽሐፉ ስም ውስጥ «ዴር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ በልጅነታቸው እንቅልፍ የነሣቻቸው ያች ሴት ትዝ ብትላቸው አይፈረድባቸውም። አይደለም፣ ኤዶ፣ ይህ ሌላ ነው አልኋቸው። ሌላ ከሆነ ምንድን ነው ሲሉኝ ግን አፍ አውጥቼ ለመናገር ጊዜ ወሰደብኝ። መጽሐፉን ያነበብሁት ከብዙ ዓመታት በፊት ስለነበር ተቀብያቸው ሁለት ሌሊት እንደገና አነበብሁት። (እኔም በስልክ ብርሃን እንዳነበብሁ ለኤዶ አልነገርኋቸውም።)

«ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. የወጣ የደራሲው የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ ነው። ተከታዩ «ራማቶሓራ» ብዙ ሳይቆይ ለገበያ ቀረበ። ሐኪሙ ሚራዥ፣ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም የሠራው ኢንጂነር ሻጊዝ፣ የጣና ገዳማት ምሥጢር፣ የውጭ አገር የስለላ ድርጅቶች፣ ደም የሚፈስበት አሳዶ መያዝ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ይንጠዋል። ብዙ አንባቢ በሻጊዝ ውስጥ በ1998 ዓ.ም. በሰው አገር ያረፉትን ኢትዮጵያዊ የጠፈር ምርምር ባለሙያ ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ያስታውሳል። ወጣቱ መጽሐፍ አይገዛም ይባል በነበረበት ሰዓት ይህ መጽሐፍ ደጋግሞ ታተመ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወርም ይኸው እስከ ጅጅጋ ፍራሽ ድረስ ደረሰ።

የአንዲት ጋዜጠኛ ፍርድ ብቻውን አይበቃም ብዬ በሥራዬ አጋጣሚ ባለፍሁባቸው ከተሞች ሁለቱን መጻሕፍት ያነበቡ ሰዎችን መጠየቅ ጀመርሁ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ ልጅዎ ይህን ብታነብ ምን ይላሉ?

በጅጅጋ ያገኘኋት ነርስ ከባሕር ዳር የመጣች ናት። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በወጣ በዓመቱ፣ ገና አዲስ ተመድባ በመጣችበት ጊዜ አንብባዋለች። ስለ ሚራዥና ስለ ስለላው ብዙም አላነሣችልኝ፤ ያነሣችልኝ ስለ ጣና ነው። የምታውቀውን ሐይቅ በማታውቀው መልኩ ስታገኘው አገሯ የገባች ያህል ሆኖላት አለቀሰች። ሁለተኛውን አልጨረሰችውም። ለምን ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች፤ አገሯ ከለመደች በኋላ ስለ ደረሳት ይሆናል አለችኝ። እውነት ነው፣ ውድ አንባቢያን፤ አንዳንድ መጽሐፍ ላይ የምንሰጠው ፍርድ በምን ቀን እንዳነበብነው ይወሰናል።

በቀብሪ በያህ ያነጋገርሁት መምህር ግን ቆጣ ያለ ሰው ነው። ተማሪዎቹ ከጣና በታች በእውነት እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ እያሉ ይጠይቁታል። የለም ሲላቸው መንግሥት ደብቆት ነው የሚሉት አሉ። ደራሲው ልብ ወለድ ብሎ ነው የጻፈው፣ ጥፋቱ የት ላይ ነው ብዬ ተከራከርሁት። እሱም ጥፋቱ የደራሲው ሳይሆን ልብ ወለድ ምን እንደ ሆነ ሳናስተምር ልጆችን ከመጽሐፉ ፊት ያቆምነው የእኛ ነው አለኝ። ይህን አባባሉን ልቤ ተቀብሎታል። ሆኖም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ አንድ ሐይቅ ግርጌ ሌሊቱን ሲከራከር ማደሩን እንደ ጉዳት ለመቁጠር አልቻልሁም።

በቶጎ ውጫሌ፣ ጭነት መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት አለች። ደምበኛዋ የተወላትን «ዴርቶጋዳ» ሁለት ጊዜ አንብባዋለች፤ «ራማቶሓራ»ን ደግሞ ተበድራ ጨርሳዋለች። የወተት ሻዩን እየቀዳች የሰጠችኝን ፍርድ ከብዙ የተማረ ሰው አልሰማሁም። የመጀመሪያው ሰው ያሳየኛል፣ ሁለተኛው ሩጫ ያሳየኛል አለች። ከጎኗ የተቀመጠ የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ሰምቶ ሳቀ፤ እሱ ሁለተኛውን ይመርጣል፣ ምክንያቱም ምናቡ ሳይፈራ ርቆ ሄዷል ባይ ነው። ክርክራቸው ጦፎ ሾፌሮቹም ገቡበት፤ ከሾፌሮቹ አብዛኞቹ መጽሐፉን አላነበቡትም፣ ይህ ግን አላገዳቸውም።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያው ይበልጥብኛል። እሱም ቢሆን እንከን አለው፤ ሰዎቹ ልክ በሚፈለጉበት ሰዓትና ቦታ ይገናኛሉ፣ በኑሮ ግን የምንፈልገው ሰው እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። የዳን ብራውንን ድርሰቶች መንገድ ተከትሏል የሚሉም አሉ። ግድያና ደም ስላለበት ለአሥር ዓመት ልጅ አልሰጠውም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ለሞላት ልጅ ግን የሚያስደነግጥ ነገር አላገኘሁበትም፤ ዴግዴር ከዚህ ታስፈራለች።

ይህንኑ ይዤ ወደ ኤዶ ተመለስሁ። ልጅዎን አያጠፋትም፣ ሌሊት አታንብቢ ብለው ሰዓት ይወስኑላት እንጂ መጽሐፉን አይከልክሏት አልኋቸው። ኤዶ ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ አንብበሽ ያገኘሽውን ነገርሽኝ። እሷ ያገኘችውን ግን አንቺም አታውቂው፣ እኔም አላውቀው።»

አፈርሁ። ከቀብሪ በያህ እስከ ቶጎ ውጫሌ የሰው አስተያየት ስሰበስብ፣ መጽሐፉ የተወሰደባትን ልጅ አንድ ቃል አልጠየቅኋትም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ መጽሐፍ ላንሣ። በሶማሊኛ የላቲን ፊደል በ1972 እ.ኤ.አ. በይፋ ከተመረጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ፋራሕ ሞሐመድ ጃማ ዓውል የተባለው ደራሲ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ፤ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «አላዋቂነት የፍቅር ጠላት ነው» ይሆናል። ዓውራላ የተባለች ወጣት ለምትወደው ሰው ደብዳቤ ትጽፋለች። እሱ ግን ማንበብ አይችልምና የልቧን ነገር የሚሰማው በሌላ ሰው አፍ ነው። የዚያ ሁሉ መከራ ሥር ይህ ነው። የኤዶም ችግር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በገዛ ልጃቸው እጅ ያለውን ነገር ለማወቅ የጋዜጣ ሰው መለመን ነበረባቸው። እኛ በአገራችን በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሶማሊኛ ነበር፣ የሚጻፍበትም ፊደል የግእዝ ነበር። የኤዶ እናት ከብት ተከትለው በሚዞሩበት ጊዜ ዘመቻው እንዳመለጣቸው፣ እሳቸውም በተራቸው ወተት ሲያመላልሱ ትምህርት ቤት እንዳመለጣቸው አጫውተውኛል።

ከመጽሐፉ ጀርባ ሌላ ነገር እንዳለም ያን ማታ ነው የሰማሁት። የአባትየው ዘመዶች ልጅቱ ሌሊት የምታነብ፣ ቀን የምታንቀላፋ ከሆነ ትምህርቱ አልሆነላትምና ለትዳር ትሰጥ እያሉ ነው። የሚጠይቃት ሰውም አለ፤ በወሰኑ ንግድ ደህና ኑሮ ያለው ነው ይባላል። ኤዶ ልጃቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና ሳትፈተን ከቤት እንድትወጣ አይፈልጉም። መጽሐፉን የወሰዱባትም ለዚያ ብለው ነው፤ ለዘመድ አፍ ምክንያት እንዳይሆን። ልጅቱ ደግሞ እናቷም ከዘመዶቹ ጋር አንድ የሆኑ መስሏት ለአንድ ሳምንት አኩርፋለች። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱም ለአንድ ነገር ይታገላሉ፣ አንዳቸው ለሌላቸው ግን አልተነጋገሩም።

ልጅቱን ጠርተን አስቀመጥናት። ምን አገኘሽበት ስላት መጀመሪያ መሬት መሬት አየች።

«እትዬ፣ ንጥቂያውና ስለላው አይደለም» አለችኝ። «አንድ ሰው ሩቅ አገር ሄዶ፣ ትልቅ ነገር አውቆ፣ ያወቀውን ለአገሩ ማምጣት ሲፈልግ ስንት ሰው መንገድ እንደሚዘጋበት ነው። እኔም ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ ቀሪውን በሶማሊኛ ተናገረች። የገባኝ «ሆዮ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር፤ እናቴ ማለቷ ነው። ኤዶ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አይቻለሁና ትርጉሙን አልጠየቅሁም።

ታዲያ ሐሳቡ የመጣው ከራሳቸው ከኤዶ ነው። ያነበብሽውን ለእኔም ንገሪኝ፣ እንደ አዬዮ፣ አሉ፤ አዬዮ አያት ናት። በማግስቱ ማታ ወተቱ ገብቶ፣ ላሆሁ ተበልቶ፣ ትንንሾቹ ልጆች ሳይቀሩ ተሰበሰቡ። ልጅቱ መጽሐፉን ገልጣ አማርኛውን በዓይኗ እያየች በሶማሊኛ ትናገር ጀመር። «ሼኮ፣ ሼኮ» ስትል ወንድሞቿ ሣቁ፤ ቢሆንም «ሼኮ ሐሪር» ብለው ተቀበሉ። ሐኪሙ ሚራዥ በጅጅጋ ግቢ ውስጥ፣ በግመል ወተት ሽታ መካከል ሲመላለስ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር።

ኤዶ ደግሞ ዝም ብለው የሚሰሙ አድማጭ አልሆኑም። የዚህ ሰው እናት የት አለች፣ ማን አበላው፣ ማታ የት አደረ እያሉ ያቋርጣሉ። ልጅቱ መጽሐፉ ላይ ስታጣው መልሱን ከራሷ ፈጥራ ስታስገባ ያዝኋት፤ አላጋለጥኋትም። አንዱ ሰላይ ሲያሳድድ ኤዶ «ዴግዴር!» ብለው ጮኹ።

ያን ጊዜ ስለ ዴግዴር ተረት እኔ የማላውቀውን አነሡልኝ። ለካ ዴግዴር የራሷ ልጅ አላት። ልጅቱ እናቷን ፈርታ አብራ ብትኖርም ወደ ቤታቸው የመጡ እንግዶችን ትደብቃለች፤ በኤዶ አያት አተራረክ ደግሞ እናትየው እንቅልፍ ሲወስዳት በዚያ ረጅም ጆሮ ውስጥ የፈላ ነገር የምታፈስሰው እሷ ናት። ዴግዴር ስትሞት ዝናብ ይዘንባል፣ ምድሪቱም ትለመልማለች። ትልልቆቹ ተረቱን የሚነግሩት ልጆች እንዲፈሩ ነው። ኤዶ ግን በልጅነታቸው የሚጠብቁት ዝናቡን እንደነበረ ነገሩኝ። የሚነግረው ሰው አንድ ነገር ያስባል፣ የምትሰማዋ ልጅ ሌላ ነገር ይዛ ትተኛለች። አራዌሎ የተባለችውን የጥንት ንግሥት በተመለከተም እንዲሁ ነው፤ መቃብሯ ነው በሚባለው የድንጋይ ክምር ሲያልፉ ወንዶች ድንጋይ ይወረውሩበታል፣ ሴቶች ግን ለምለም ቅጠል ያኖሩበታል ይባላል። አንድ ታሪክ ነው፣ ሁለት ሰሚ አለው።

እኔ ከጅጅጋ የተመለስሁት ታሪኩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። አዲስ አበባ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ልጅቱ ደወለችልኝ። ጨርሰዋል። እናቷ መጨረሻውን ከሰሙ በኋላ ለሁለት ቀን ተቆጥተው ነበር፤ ታሪክ እንዲህ መሐል ላይ አይተውም፣ ያ ሰው ቀሪውን የት አደረገው እያሉ። ሁለተኛ መጽሐፍ እንዳለው ስትነግራቸው፣ እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽኝ ብለው እንደገና ተቆጧት። ጅጅጋ ውስጥ ብትጠይቅ ብታስጠይቅ «ራማቶሓራ»ን የሚያውሳት አላገኘችም። የቶጎ ውጫሌዋን ሻይ አፍይ ትዝ አለችኝና የመጀመሪያው ይሻላል ብትለኝስ ብዬ አስጠነቀቅኋት። «እሱን ሆዮ ራሷ ትፍረድ» አለችኝ።

ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁላቸው።

ስለ ትዳሩ ጠየቅኋት። አባቷ ለዘመዶቹ የ12ኛ ክፍል ፈተና እስኪያልፍ እንዳትነሡብኝ ብለዋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሉ ግን አታውቅም። ሌሊት ማንበቧን ትታለች ወይ ስላት ሣቀች። መጽሐፉ አሁንም ፍራሽ ሥር ነው የሚያድረው፤ የሚያድረው ግን በእናቷ ፍራሽ ሥር ነው። እሷ ቀድማቸው እንዳታነብ ኤዶ ተኝተውበት ያድራሉ።